መኪናው ሚኒሞ ላይ ለምን ይጠፋል?

ከሰቆጣ ወደ ዝቋላ፣ ወደ አበርገሌም ሆነ ወደ ሰሃላ የሚወርድ የትምህርት ዕቃ፣ ከመማሪያ መጽሐፍ እስከ ጠመኔ፣ ብዙውን ጊዜ የሚደርሰው በፒካፕ ካሶኒ ላይ ተጭኖ እንደሆነ የታወቀ ነው። አዲስ የተመደበ መምህርም ፍራሹንና ሳጥኑን ይዞ የሚወርደው በዚያው ነው። ከእነዚህ ፒካፖች መካከል ቁጥራቸው ቀላል የማይባለው ዕድሜያቸው ከእኛ ከእጩ መምህራኑ ይበልጣል። እርጅና የራሱ ሕመም አለውና አንዱ የታወቀ ሕመማቸው ይኸውላችሁ፤ መንገድ ላይ ደኅና ይሄዳሉ፣ እግር ከነዳጅ መስጫው ሲነሣ ግን ሞተሩ ይንቀጠቀጥና ቀጥ ይላል። ሾፌሮቻችን «ሚኒሞ አልይዝ አለኝ» የሚሉት ይህንኑ ነው።

«ይህ የመካኒክ ጉዳይ ነው፤ ለመምህር ምኑ ነው?» የሚል ጓደኛ አይጠፋም። መልሳችን ሁለት ነው። አንደኛ፣ ቁልቁለት ላይ ሞተሩ የጠፋበት መኪና ፍሬኑም አብሮ ይደክማል፤ በካሶኒውም በጋቢናውም የምንቀመጠው እኛው ነን። ሁለተኛ፣ የዚህን ሕመም መንስኤ ፈልጎ ማግኘት በሳይንስ ክፍለ ጊዜ «መላ ምት፣ ሙከራ፣ ውጤት» እያልን በሰሌዳ ላይ የምንጽፈው ነገር ያለ አንዳች ልዩነት በተግባር የሚታይበት ሥራ ነው። ስለዚህ ውድ አንባብያን፣ እጃችሁ ናፍጣ ነክቶት የማያውቅም ብትሆኑ እስከ መጨረሻው ተከተሉን።

ሚኒሞ ማለት

ቃሉ የጣሊያንኛ ነው፤ ትርጉሙም «ዝቅተኛው» እንደ ማለት ነው። ካንዴላ፣ ፍሪሲዮን፣ ፊልትሮ እንደምንለው ሁሉ ከጋራዥ ወደ መንደር የወጣ ቃል ነው። ነዳጅ መስጫው ሳይረገጥ ሞተሩ ራሱን ብቻ ይዞ የሚዞርበትን ፍጥነት ያመለክታል። በምንነጋገርባቸው ፒካፖች ይህ በደቂቃ ከ700 እስከ 850 ዙር ገደማ ነው።

በዚህ ፍጥነት ሞተሩ የተረፈ አቅም የለውም። የሚያገኘው ኃይል የራሱን ፍትጊያ ለማሸነፍ፣ ዲናሞውንና የውኃ ፖምፓውን ለማዞር ብቻ ይበቃዋል። ይህን ለመረዳት ምድጃ ማየት ይበቃል። እሳቱ ሲንቦገቦግ አንድ እርጥብ እንጨት ቢጨመርበት ጭስ ይበዛ ይሆናል እንጂ አይጠፋም፤ ልትከስም የደረሰች እፍኝ ፍም ላይ ግን ያንኑ እንጨት ብንጥልበት አለቀላት። ሞተርም እንዲሁ ነው። በደቂቃ 3000 ዙር በሚዞርበት ጊዜ የሚገባው አየርና ነዳጅ ብዙ ስለሆነ በአንድ ስንጥቅ የሚሾልከው አየር ከጠቅላላው ሲታይ ኢምንት ነው። 700 ዙር ላይ ግን ያቺው ስንጥቅ ከጠቅላላው ትልቁን ድርሻ ትይዛለች። «መንገድ ላይ ደኅና ነው፣ ሲቆም ነው የሚጠፋው» የሚባለው ምስጢሩ ይህ ነው። ሚኒሞ ላይ ብቻ የሚታይ ጥፋት አዘውትሮ ትንሽ ጥፋት ነው፤ ትንሽ ስለሆነም ለመፈለግ ያስቸግራል።

የትኛው ዓይነት?

ነዳጅ በመርጨት የሚሠሩ አሮጌ ፒካፖች ሁለት ወገን ናቸው። አንደኛው ወገን ናፍጣ ነው። የናፍጣን መርጫ ፖምፓ የቦሽ ፋብሪካ በብዛት ማምረት የጀመረው በ1927 እ.ኤ.አ. ሲሆን፣ ሐሳቡ ዛሬም በእነዚህ መኪናዎች ላይ ብዙ አልተለወጠም፤ ፖምፓው ነዳጁን በከፍተኛ ግፊት ይገፋል፣ ኢንጀክተሩ ይረጫል፣ ከመጨመቁ የተነሣ የጋለው አየር ያቀጣጥለዋል። ካንዴላ የለም። ሁለተኛው ወገን ቤንዚን ሲሆን በካርቡራቶር ፈንታ ኮምፒዩተር የሚያዝዛቸው ኢንጀክተሮች አሉት። ይህ ዓይነት በ1967 እ.ኤ.አ. በቮልስዋገን ላይ ለገበያ ቀርቦ ቀስ በቀስ ወደ ሌሎቹ ተዛመተ።

በአገራችን የታወቀውን ሃይሉክስ ብንወስድ፣ ሥራው የተጀመረው በ1968 እ.ኤ.አ. ነው፤ 2ኤል፣ 3ኤልና 5ኤል የተባሉት ሞተሮቹ ናፍጣ ሲሆኑ የሲሊንደራቸው ይዘት በተራ 2446፣ 2779 እና 2986 ሲሲ ነው። 22አር-ኢ የሚባለው 2366 ሲሲ ሞተር ደግሞ ቤንዚን ነው፤ መጨረሻ ላይ ያለችው «ኢ» የኤሌክትሮኒክ መርጫ እንዳለው ታመለክታለች። በሁለቱ ወገኖች መካከል ሚኒሞ የሚጠፋበት ምክንያት ስለሚለያይ የናፍጣውን መድኃኒት ለቤንዚኑ መስጠት ከንቱ ድካም ነው።

ሾፌሩን መጠየቅ

ጥሩ የጤና ረዳት መርፌ ከማንሣቱ በፊት «የት ያምሃል? መቼ ጀመረህ?» ይላል። እኛም ኮፈኑን ከመክፈታችን በፊት ሾፌሩን መጠየቅ አለብን፤ በአክብሮት፣ እሱን ጥፋተኛ በማያደርግ አነጋገር። «ጋሼ፣ ጠዋት ሲነሣ ነው የሚጠፋው ወይስ ከጋለ በኋላ? ዳገት ላይ ጉልበቱ እንዴት ነው? መጨረሻ የተቀዳው ነዳጅ ከማደያ ነው ወይስ ከጀሪካን? ፊልትሮው የተቀየረው መቼ ነው? ሲጠፋ በአንድ ጊዜ ነው ወይስ እየተንገዳገደ?»

ከመልሱ ብዙ ነገር ይወጣል። መብራት እንደማጥፋት በአንድ ጊዜ ጭልጥ ብሎ የሚጠፋ ሞተር የኤሌክትሪክ ችግር ያስጠረጥራል። እየተንገዳገደ፣ እየተነሣ እየወደቀ የሚጠፋ ግን አየር ወይም ነዳጅ የተጓደለበት ነው። ዳገት ላይ ጉልበት አጥቶ ቆይቶ ሚኒሞ ላይም ከጠፋ የነዳጅ ፊልትሮው መደፈኑ አይቀርም። ዳገቱን እንደ ፈረስ ወጥቶ ሜዳ ላይ ሲቆም ከጠፋ ግን ፊልትሮው የመጀመሪያ ተጠርጣሪ አይደለም፤ ብዙ ነዳጅ ሲፈለግ ያሳለፈ ፊልትሮ ጥቂት ሲፈለግ የሚከለክልበት ምክንያት የለምና። ለአንድ ሰዓት ያህል ደኅና ሄዶ የሚጠፋ፣ ትንሽ ዐርፎ ደግሞ የሚነሣ ከሆነስ? የሰልባታዮውን ክዳን ክፈቱ። «ፍስስ» ብሎ አየር ወደ ውስጥ ከገባ የመተንፈሻው ቀዳዳ በአቧራ ተደፍኗል ማለት ነው። ነዳጁ ሲቀንስ በቦታው የሚተካ አየር አላገኘም። አንድ ጠብታ ገንዘብ የማያስወጣ ጥገና ነው።

ናፍጣው

አብዛኛውን ቦታ ለናፍጣው የምንሰጠው በእኛ መንገድ ላይ እሱ ስለሚበዛ ነው።

በእነዚህ ሞተሮች ላይ ናፍጣውን ከሰልባታዮው የሚስበው መርጫ ፖምፓው ራሱ ነው። ከሰልባታዮው ጀምሮ በፊልትሮው አልፎ እስከ ፖምፓው መግቢያ ድረስ ያለው መስመር በሙሉ በመሳብ ላይ ነው፤ ይህም ማለት በቱቦው ውስጥ ያለው ግፊት ከውጭው አየር ያነሰ ነው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ቱቦ ከተሰነጠቀ ናፍጣ ይንጠባጠባል ብሎ ይጠብቃል፤ እርጥበት ሲያጣ «መስመሩ ደኅና ነው» ይላል። ነገር ግን በሚስብ ቱቦ ላይ ያለ ስንጥቅ ናፍጣ አያወጣም፣ አየር ነው የሚያስገባው። ከውጭ ደረቅና ንጹሕ ሆኖ ይታያል። ናፍጣ በግፊት የሚጨመቀው ከሞላ ጎደል ስለማይታመቅ ነው፤ አየር ግን ይታመቃል። አረፋ የገባበት ፖምፓ የሚገፋው ኃይል አረፋውን በመጨፍለቅ ያልቅና ኢንጀክተሩ ሳይረጭ ይቀራል። ሚኒሞ ላይ በየዙሩ የሚረጨው ናፍጣ እጅግ ጥቂት ስለሆነ አንዲት አረፋ ትበቃለች።

የዚህ ዋና ምልክት ጠዋት ላይ ይታያል። ሌሊት መኪናው ሲያድር በስንጥቁ የገባው አየር ናፍጣውን ወደ ሰልባታዮው ይመልሰዋል። ጠዋት ሞተሩ በፖምፓው ውስጥ በቀረችው ናፍጣ ይነሣል፣ ጥቂት ሰከንድ ይሠራል፣ ይጠፋል። ከዚያ በኋላ ባትሪው እስኪደክም ቁልፍ መጠምዘዝ ነው። በፊልትሮው ራስ ላይ ያለችውን የእጅ ፓምፕ ደጋግመን ስንጫናት መጀመሪያ ባዶ ሆና ቆይታ እየጠነከረች ከመጣች፣ ከዚያም ሞተሩ ወዲያው ከተነሣ፣ ነገሩ ተረጋገጠ ማለት ይቻላል።

ባለፈው የማስተማር ልምምድ ወደ ዝቋላ የወሰደን ፒካፕ ይኸው ሕመም ነበረበት። ሞተሩ 3ኤል ነው። ባለንብረቱን መጥቀስ አያስፈልግም። ሾፌሩ ሲቸግረው በፖምፓው ላይ ያለችውን የሚኒሞ ቪቴ አጥብቆ ፍጥነቱን ከፍ አድርጎት ነበር፤ ለሁለት ቀን ያህል ሠራለት፣ ከዚያ እንደገና መጥፋት ጀመረ። ያየው መካኒክ «ፖምፓው አልቋል፤ ወርዶ ለካሊብሬሽን መላክ አለበት» ብሎ ፈረደ። ፖምፓ ወርዶ ሩቅ ከተማ ደርሶ እስኪመለስ መኪናው ለሳምንታት ሊቆም ነው፤ የዝቋላ ትምህርት ቤቶች መጽሐፍም አብሮ ሊቆም ነው። ምን አለፋችሁ፣ ሁላችንም ፊታችን ጠቆረ።

ከመካከላችን አባቱ ግንበኛ የሆነ ልጅ አለ። ግንበኞች የውኃ ልክ የሚለኩበትን ግልጽ ፕላስቲክ ቱቦ ታውቁታላችሁ። ከእሱ አንድ ክንድ ያህል ተቆርጦ በፊልትሮውና በፖምፓው መካከል በጎማው ቱቦ ምትክ ገባ፤ ሞተሩም ተነሣ። በግልጹ ቱቦ ውስጥ አረፋ እንደ ጨሌ ተከታትሎ ሲያልፍ ሁላችንም በዓይናችን አየን። እንግዲህ አየር እንደሚገባ ታወቀ፤ የት? ቱቦው ወጥቶ ከፊልትሮው በፊት ባለው መስመር፣ በሰልባታዮው በኩል ገባ። አሁን የሚያልፈው ናፍጣ ጥርት ያለ ነው፣ አረፋ የለም። ከፊልትሮው በፊት የለም፣ ከፊልትሮው በኋላ አለ፤ ስለዚህ የሚገባው በፊልትሮው ነው። ከሁለት ሙከራ የወጣ ድምዳሜ ነው፤ ግምት አይደለም።

ፊልትሮው ሲፈታ የጎማ ቀለበቱ ተጣሞ ተቀምጧል። ፊልትሮው በተቀየረበት ጊዜ ቀለበቱ ደረቁን ገብቶ ሲጠብቅ ተሸብሽቧል። አዲስ ቀለበት ናፍጣ ተቀብቶ ገባ፤ በእጅ ብቻ ጠበቀ፤ በእጅ ፓምፑ አየሩ ወጣ፤ የሚኒሞው ቪቴም ወደ ቀድሞ ቦታው ተመለሰ። ፖምፓው ምንም አልሆነም ነበር።

ስለዚች ቪቴ አንድ ነገር ሳንናገር አናልፍም። ሚኒሞ በጠፋ ቁጥር ካቻቢቴና ቁልፍ ይዞ ወደ እሷ መሮጥ መጥፎ ልማድ ነው። ቪቴዋ በራሷ አትዞርም፤ መቆለፊያ ዳዶ አላት። ትናንት ደኅና ከነበረ ዛሬ የተለወጠው ሌላ ነገር ነው። ቪቴዋን ማጥበቅ ትኩሳት ያለበትን ልጅ ቀዝቃዛ ጨርቅ አልብሶ ወባውን እንደመርሳት ነው። በማኅተም ወይም በሽቦ የታሰረችው ሌላዋ የሙሉ ጭነት ቪቴ ደግሞ ጭራሽ አትነካም።

አየር ካልሆነ ውኃ ሊሆን ይችላል። ናፍጣ በጀሪካን እየተሸከመ በሚሄድበት አገር ውኃ ከነዳጁ ጋር መግባቱ አይገርምም። በጨርቅ ማጥለል ቆሻሻ ይይዛል፤ ውኃን ሁሉ ግን አይዝም። ጀሪካን ባይኖርም፣ ቀን ሙቀት ሌሊት ብርድ በሚፈራረቅበት ደጋ፣ በግማሽ ባዶ ሰልባታዮ ውስጥ ያለው አየር እርጥበቱን በብረቱ ግድግዳ ላይ ጤዛ አድርጎ ይተዋል። ከፊልትሮው ሥር ያለችውን ማውጫ ጥቂት ፈታ አድርጎ ፈሳሹን በግልጽ ጠርሙስ መቀበልና ሩብ ሰዓት ያህል ማስቀመጥ ነው። ናፍጣ ከውኃ ስለሚቀል ከላይ ይንሳፈፋል፤ ውኃው ከታች ይረጋል፤ በመካከላቸው ያለው መስመር ቁልጭ ብሎ ይታያል።

ሦስተኛው በአንድ ጊዜ ጭልጥ ብሎ የሚጠፋበት ነው። በፖምፓው ላይ በኤሌክትሪክ የሚከፈት የናፍጣ መዝጊያ አለ። ቁልፉ ሲበራ ናፍጣ ያሳልፋል፣ ሲጠፋ ይዘጋል፤ ሞተሩ በቁልፍ የሚጠፋው በዚህ ምክንያት ነው። የሽቦው ጫፍ ከላላ ኮረኮንቹ ሲያንቀጠቅጠው ይቋረጣል፣ ሞተሩም ይጠፋል። ሞተሩ ሳይነሣ አንድ ሰው ቁልፉን ያብራና ያጥፋ፣ ሌላው ጆሮውን ወደ ፖምፓው ያስጠጋ፤ በየጊዜው «ጠቅ» የሚል ድምፅ መሰማት አለበት። ድምፁ ከጠፋ ሽቦውንና ፊውዙን ማየት ነው።

ቤንዚኑ

በቤንዚኑ ወገን ጨዋታው የሚታወቅ አየርና የማይታወቅ አየር ነው። በ22አር-ኢ ላይ ከአየር ፊልትሮው ቀጥሎ የሚገባውን አየር የሚለካ መሣሪያ አለ፤ በውስጡ አየሩ ሲገፋት የምትከፈት ክንፍ አለችው። ኮምፒዩተሩ ቤንዚን የሚያዝዘው በዚህች ክንፍ መጠን ነው። ከመሣሪያው በኋላ በየትኛውም ስንጥቅ የሚገባ አየር ያልተመዘገበ አየር ነው፤ ቤንዚን አይታዘዝለትም፤ ድብልቁ ይቀጥናል፤ ሞተሩ ይጠፋል። ዋናው ተጠርጣሪ ከመለኪያው እስከ አየር በሩ የሚሄደው ወፍራም እጥፋት ያለው የጎማ ቱቦ ነው። ጎማው በዕድሜ ይደርቅና በእጥፋቱ ሥር ይሰነጠቃል። ሞተሩ ሲንቀሳቀስ ስንጥቁ ይከፈታል፣ ሲቆም ይገጥማል፤ ስለዚህ በዓይን ማየት አይበቃም፣ በእጅ መለጠጥ ያስፈልጋል። ስንጥቁ ትልቅ ከሆነ ክንፏ ጭራሽ ትዘጋለች፤ በዚህ ሞተር ላይ ደግሞ የቤንዚን ፖምፓው መብራት ከክንፏ ጋር የተያያዘ ስለሆነ እሱም ይቆማል።

አንድ ደስ የሚል ፍተሻ አለ። ሞተሩ ሚኒሞ ላይ እያለ የሞተር ዘይት መሙያውን ክዳን መክፈት ነው። ጤነኛ ከሆነ ያልተመዘገበ አየር ስለገባበት ወዲያው ይንገዳገዳል ወይም ሊጠፋ ይቃጣዋል። ክዳኑ ተከፍቶ ምንም ለውጥ ካላሳየ ግን ሌላ ቦታ ቀድሞ ተከፍቷል ማለት ነው። በሽተኛው «አልተሰማኝም» ሲል ነው መፍራት።

ብርድ ላይ ብቻ የሚጠፋ ከሆነ ወደ ሌላ አቅጣጫ ይመራናል። የቀዘቀዘ ሞተር ተጨማሪ አየርና ተጨማሪ ቤንዚን ይፈልጋል። ተጨማሪውን አየር የሚሰጠው በራዲያተር ውኃ ሙቀት የሚከፈትና የሚዘጋ ትንሽ በር ነው፤ በጥቀርሻ ከተጣበቀ ጠዋት ይጠፋል፣ ከጋለ በኋላ ደኅና ይሆናል። ተጨማሪውን ቤንዚን የሚያሳዝዘው ደግሞ የውኃ ሙቀት ሴንሰር ነው። የሴንሰሩ የኤሌክትሪክ መቋቋም በ20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ከ2000 እስከ 3000 ኦም፣ በ80 ዲግሪ ከ200 እስከ 400 ኦም ገደማ መሆን አለበት። ሴንሰሩን ፈትቶ ጫፉን በሻይ ጀበና ውኃ ውስጥ ነክሮ፣ በቴርሞሜትርና በኦም መለኪያ መከታተል ነው። አንድ ማስታወሻ፤ ሰቆጣ ላይ ውኃ 100 ዲግሪ ሳይደርስ፣ 92 ወይም 93 ላይ ይፈላል። ቴርሞሜትሩን አትውቀሱት።

የዚያ ዘመን ቶዮታ ራሱም ይናገራል። ኮፈኑ ሥር ባለችው የፍተሻ ሳጥን ውስጥ ቲኢ1 እና ኢ1 የተባሉትን ቀዳዳዎች በአጭር ሽቦ አገናኝቶ ቁልፉን ሲያበሩ በዳሽቦርዱ ላይ ያለው የሞተር ምልክት መብራት ብልጭ ይላል። ሳያቋርጥ በእኩል ከተርገበገበ የተመዘገበ ጥፋት የለም። ሁለት ጊዜ ብልጭ ብሎ፣ ጥቂት ቆይቶ ደግሞ ሁለት ጊዜ ካለ 22 ነው፤ የውኃ ሙቀት ሴንሰር። 31 የአየር መለኪያው፣ 41 የአየር በሩ ሴንሰር ነው። ሌላ ቀዳዳ በስሕተት ማገናኘት ጉዳት ስላለው ጽሑፉ በደንብ ካልተነበበ አለመንካት ይሻላል። ደግሞም ኮምፒዩተሩ የሚያውቀው ሽቦዎቹን እንጂ ጎማውን አይደለም፤ የተሰነጠቀ ቱቦ እያለ «ጤና ነኝ» ሊል ይችላል።

«ከፍታው ነው»

በእኛ አገር ለሁሉም የሞተር ሕመም የሚሰጥ አንድ መልስ አለ፤ «ከፍታው ነው» ይባላል። እስቲ እንመርምረው። ሰቆጣ ከባሕር ወለል በላይ ከ2200 ሜትር በላይ ናት። በዚህ ከፍታ የአየር ግፊት ከባሕር ወለሉ ሩብ ሊሞላ ጥቂት የቀረው ያህል ይቀንሳል።

ለናፍጣ ሞተር ይህ ዳገት ላይ ይሰማዋል፤ ብዙ ናፍጣ ሲረጭ የሚበቃው አየር ስለማያገኝ ጥቁር ጭስ ይተፋል። ሚኒሞ ላይ ግን የሚረጨው እጅግ ጥቂት፣ የሚገባው አየር ደግሞ ከሚያስፈልገው በብዙ እጥፍ የበለጠ ነው። ከዚህ ሩቡ ቢጎድል ምን ይሆናል? ምንም። በብርድ ጠዋት አየሩ ሳስቶ የመጨመቂያው ሙቀት ስለሚያንስ ነጭ ጭስ እያሳየ ጥቂት ሊንገዳገድ ይችላል፤ እሱም ካንዴሌታዎቹ ደኅና ከሆኑ በደቂቃዎች ውስጥ ያልፋል። የጋለ ናፍጣ ሞተር ሚኒሞ ላይ ቢጠፋ ከፍታውን መውቀስ ሐሜት ነው።

ለቤንዚኑ ግን ክሱ በከፊል እውነት አለው። ያቺ ክንፍ የምትለካው የአየሩን ክብደት በቀጥታ አይደለም፤ ሳሳ ያለውን አየር ከእውነቱ ከበድ አድርጋ ትዘግባለች፤ ቤንዚኑም ይበዛል። የጭስ ማውጫው የኦክስጅን ሴንሰር ከሠራ ያርመዋል፤ ካልሠራ ጥቁር ጥቀርሻና የቤንዚን ሽታ ይታያል።

ክርክሩን ለመፍታት መጽሐፍ አያስፈልግም፤ መንገዱ ራሱ ላቦራቶሪ ነው። ከሰቆጣ ተነሥቶ ወደ ተከዜ ሸለቆ የሚወርድ መኪና አንድ ሺህ ሜትር ያህል ይወርዳል። ሰቆጣም ተከዜ ዳርም እኩል የሚጠፋ ከሆነ ከፍታው ነፃ ነው፤ ላይ ብቻ ጠፍቶ ታች የሚሻለው ከሆነ ይጠየቅ።

ቁልቁለቱ

አሁን ወደ ጀመርንበት አደጋ እንምጣ። ፍሬን ስንረግጥ ብቻችንን አንረግጥም፤ ሰርቮ የሚባለው በባዶ አየር የሚሠራ ረዳት አለን። ባዶውን አየር የሚፈጥረው በቤንዚኑ ሞተር የአየር ማስገቢያው፣ በናፍጣው ቶዮታ ደግሞ ከዲናሞው ጀርባ የተገጠመች ትንሽ ፓምፕ ናት። ሞተር ሲጠፋና ሲቆም ሁለቱም ይቆማሉ። በሰርቮው ውስጥ የቀረው ለአንድ ወይም ለሁለት ርግጫ ይበቃል፤ ከዚያ በኋላ ፍሬኑ እንደ ድንጋይ ይጠነክራል። መሪውም ረዳት ያለው ዓይነት ከሆነ ይከብዳል።

አንዳንድ ሾፌሮች ነዳጅ ለመቆጠብ ቁልቁለት ላይ ማርሽ ዜሮ አድርገው ይለቃሉ። ሚኒሞ የማይዝ መኪና ሲሆን ይህ ከዳር ቆሞ ዓይን እንደመጨፈን ነው፤ ዜሮ ማርሽ ላይ ሞተሩን የሚያዞረው ሚኒሞ ብቻ ነውና። በሁለተኛ ወይም በሦስተኛ ማርሽ ቢወርድ ግን ጎማው ራሱ ሞተሩን ያዞረዋል፤ ነዳጅ ቢቋረጥ እንኳ ሞተሩም ፓምፗም አይቆሙም። ቁጠባ የሚባለውም የለም። ማርሽ ገብቶ እግር ከነዳጅ መስጫው ሲነሣ የናፍጣው ፖምፓም ሆነ የቤንዚኑ ኮምፒዩተር ነዳጁን ይቆርጡታል፤ ዜሮ ላይ ግን ሚኒሞውን ለማቆየት ይረጫሉ። ማለትም በዜሮ የሚወርደው ነው የበለጠ የሚያቃጥለው! ይህን ለሾፌር መንገር ልጅነታችን ያሳፍረን ይሆናል፤ ቢሆንም በጨዋ ቃል ሊነገር ይገባል። ሞተሩ ቁልቁለት ላይ ከጠፋ ደግሞ ፍሬኑን አንዴ ረግጦ መያዝ ነው፤ እየለቀቁ መምታት የቀረችውን ረዳት ይጨርሳል።

ለክፍል

በሰባተኛና በስምንተኛ ክፍል ይህን ለማስተማር መኪና አያስፈልግም። የናፍጣና የውኃ ጠርሙስ ስለ እፍጋት፣ የሚፈላ ውኃና ቴርሞሜትር ስለ ከፍታና ግፊት፣ ቀዳዳ ያለው የስክሪፕቶ ቀፎ ስለ መሳብ ያስተምራሉ። ቀፎው ላይ በመርፌ ቀዳዳ ተበስቶ ተማሪው ውኃ ሲስብበት ውኃ አይንጠባጠብም፤ አረፋ ነው የሚመጣው። ያን ጊዜ «ደረቅ ቱቦ ደኅና ቱቦ ነው?» ብላችሁ ጠይቁ፤ መልሱን ራሳቸው ያገኙታል።

ጥገናው ካለቀ በኋላ መኪናው ወዲያው አይጫንም። አድሮ ጠዋት በመጀመሪያው ቁልፍ መነሣቱ ይታያል፤ ከጋለ በኋላ የፊት መብራቱ በርቶ፣ መሪው እስከ ጥግ ተጠምዝዞ፣ ነዳጅ መስጫው ሃያ ጊዜ ያህል ተረግጦ ይለቀቃል፤ በእያንዳንዱ ጊዜ ወደ ሚኒሞ ተመልሶ መያዙ ይቆጠራል። በዝቋላው ፒካፕ ሃያውንም ያዘ። የተፈተሸው ነገር፣ ቀኑና የኪሎ ሜትር ንባቡ በጋቢናው ደብተር ላይ ተጻፈ፤ መጽሐፎቹም በማግስቱ ወረዱ።